ሐጅ ዩሱፍ፦ በካርቶን ጎጆ የተጀመረው የካርቱም ምሥራቃዊ ከተማ

አባይ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ ካርቱም ሲደርስ፣ ከነጭ አባይ ጋር ከመቀላቀሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በስተቀኙ ሰፊና ሜዳማ የሆነ የከተማ ክፍል ያገኛል። የሱዳን መንግሥት መዝገብ ይህንን አካባቢ ‘ሸርቅ አልኒል’፣ ማለትም የአባይ ምሥራቅ፣ ብሎ ይጠራዋል። በውስጡ ካሉት ሰፈሮች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሳው፣ ሕዝብም በብዛት የሚኖርበት ሐጅ ዩሱፍ ነው።

ካርቱምን በቤተ መንግሥቷ፣ በሁለቱ ወንዞች መገናኛና በድልድዮቿ ለሚያውቅ ሰው ሐጅ ዩሱፍ ከከተማዋ ዳር የተጣለ ሰፈር ነው። ሱዳንን ለመረዳት ለሚሻ ሰው ግን ከመሐል ከተማው ይልቅ ብዙ የሚነግረው ይህ ዳርቻ ሳይሆን አይቀርም። ባለፉት አርባ ዓመታት አገሪቱን የመታ ድርቅና ጦርነት ሁሉ ሰዎችን ከቀያቸው እያነሳ ካሰፈረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚህ ነውና። የዳርፉር፣ የኮርዶፋን፣ የኑባ ተራሮችና የደቡብ ሱዳን ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቤት ሠርተዋል፤ በአንድ ገበያ ሸጠው ገዝተዋል።

ይህ ሰፈር እንዴት ተመሠረተ? እነማን ይኖሩበታል? በምንስ ይተዳደራሉ? በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነትስ ምን አደረሰበት? (ከዚህ በታች ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንደር ወደ ከተማ

ሐጅ ዩሱፍ ቀድሞ ከካርቱም ባሕሪ ወይም ከሰሜን ካርቱም ወጣ ብሎ የሚገኝ የገጠር መንደር ነበር። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ መንደሩን ዋጠችው። ነገር ግን መንደሩን ወደ ከተማነት የለወጠው የከተማዋ ተፈጥሯዊ ዕድገት ብቻ አይደለም።

የመጀመሪያው ትልቅ ማዕበል የመጣው ከምዕራብ ነው። ኢትዮጵያውያን ‘የሰባ ሰባቱ ድርቅ’ ብለው የሚያስታውሱት የዝናብ እጥረት በዚያው ዘመን ምዕራብ ሱዳንንም መትቶ ነበር። በ1983 እና 1985 መካከል በዳርፉርና በኮርዶፋን ከብት አለቀ፣ አዝመራ ጠፋ። ገበሬውና አርብቶ አደሩ ቤተሰቡን ይዞ እህል ወዳለበት፣ የቀን ሥራም ይገኛል ወደተባለበት ወደ ካርቱም ተመመ።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ከደቡብ ነው። በ1983 ዳግም ያገረሸው የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ለ22 ዓመታት ሲቀጥል፣ ከመንደራቸው የተነቀሉ የደቡብ ሰዎች ከሚሸሹት መንግሥት መዲና ሌላ መጠጊያ ያጡበት ጊዜ ብዙ ነበር። ጦርነቱ ወደ ኑባ ተራሮች ሲዛመትም የዚያ አካባቢ ነዋሪዎች ተከተሉ። ከ2003 ወዲህ ደግሞ የዳርፉር ጦርነት የራሱን ተፈናቃዮች ጨመረ።

መጤዎቹ ባዶ መሬት ላይ በእጃቸው በገባው ነገር ሁሉ መጠለያ ቀለሱ። ካርቶን፣ ጆንያ፣ ላስቲክ፣ የእንጨት ስብርባሪና ጭቃ የቤት መሥሪያ ሆነ። በሐጅ ዩሱፍ ከተነሱት ሰፈሮች አንዱ ለረጅም ጊዜ ‘ካርቶን ከሰላ’ እየተባለ ይጠራ የነበረውም ስለዚሁ ነው። ኋላ ላይ ‘አልበረካ’፣ ማለትም በረከት፣ የሚል ስም ተሰጠው። የአዲስ አበባ ሰው በሌሊት የተሠራን ቤት ‘የጨረቃ ቤት’ እንደሚለው ሁሉ የካርቱም ሰውም ለእንዲህ ያለው ሰፈር ስም አለው። ‘ዐሽዋኢ’ ይለዋል፤ ሥርዓት የሌለው፣ እንደ ነገሩ የተሠራ ለማለት ነው።

ቁጥሮች ምን ይላሉ?

የካርቱም ግዛት ሕዝብ በ1983ቱ ቆጠራ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። በ2008 በተካሄደው ቆጠራ ደግሞ 5 ሚሊዮን 274 ሺህ 321 ሆኗል።

ከጠቅላላው ድምር በላይ የሚያስገርመው ክፍፍሉ ነው። በዚያ ቆጠራ ሐጅ ዩሱፍ የሚገኝበት ሸርቅ አልኒል 868 ሺህ 147 ነዋሪዎች ነበሩት። በካርቱም ግዛት ካሉት ሰባት አካባቢዎች በሕዝብ ብዛት ሦስተኛው ነው። የሚበልጡት በምዕራብ ኡም በዳ (988 ሺህ 163) እና በደቡብ ጀበል አውሊያ (942 ሺህ 429) ብቻ ናቸው። ሦስቱም የከተማዋ ዳርቻዎች፣ ሦስቱም የተፈናቃዮች መስፈሪያዎች ናቸው።

የሦስቱ ድምር ወደ 2.8 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ከግዛቲቱ ሕዝብ 53 በመቶ ማለት ነው። በአንጻሩ ቤተ መንግሥቱና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ያሉበት የካርቱም አካባቢ 639 ሺህ 598 ነዋሪዎች ብቻ ነበሩት፤ 12 በመቶ ያህል። የሱዳን መዲና ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አብዛኛው ነዋሪዋ በዳርቻዋ የሚገኝ ከተማ ናት።

ይሁን እንጂ የ2008ቱ ቆጠራ ያለ ክርክር አላለፈም። በውጤቱ መሠረት በመላው ሰሜን ሱዳን የሚኖሩት የደቡብ ተወላጆች 520 ሺህ ገደማ ነበሩ። የደቡቡ ንቅናቄ ኤስፒኤልኤም ቁጥሩ ሆን ተብሎ እንዲያንስ ተደርጓል ሲል ውጤቱን አልቀበልም አለ። ክርክሩ የስታቲስቲክስ ብቻ አልነበረም። ቆጠራው የምርጫ ክልልንና የሀብት ክፍፍልን የሚወስን ስለነበር፣ በሐጅ ዩሱፍና መሰል ሰፈሮች ስንት ሰው ይኖራል የሚለው ጥያቄ የሥልጣን ጥያቄ ሆኖ ነበር።

አንድ ሰፈር፣ ብዙ አገር

ሐጅ ዩሱፍ በውስጡ በርካታ ሰፈሮችን ይዟል። ዋሕዳ፣ ሺግላ፣ ተካሙልና በረካ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ቀድመው የታቀዱት መንገዳቸው ቀጥ ያለ፣ ቤቶቻቸውም በጡብ የተሠሩ ናቸው። ወደ ዳር በተወጣ ቁጥር ጡቡ እየሳሳ ይሄዳል፤ ‘ጃሉስ’ የሚባለው እየተደረበ የሚገነባው የጭቃ ግድግዳ ይበዛል።

የሰፈሩ መግባቢያ የካርቱም ዐረብኛ ነው። በየቤቱ ግን ዲንካ፣ ሺሉክ፣ ፉር፣ የተለያዩ የኑባ ቋንቋዎችና ሌሎችም ይነገራሉ። መስጊዶች ባሉበት ሰፈር የጭቃ ግድግዳ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትም ተሠርተዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ባልደረሰባቸው የተፈናቃይ ሰፈሮች ለልጆች ፊደል ያስቆጠሩት ብዙ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት የከፈቷቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

ይህ አብሮነት ፈተና ገጥሞት ያውቃል። ሐምሌ 1997 ዓ.ም. የደቡቡ መሪ ጆን ጋራንግ በሄሊኮፕተር አደጋ መሞታቸው ሲሰማ በካርቱም በተቀሰቀሰው ሁከት በርካቶች ሞተዋል፤ ለዓመታት በተጎራበቱ ሰዎች መካከልም ጥርጣሬ ሰፍኖ ነበር።

ከሁሉ የጠለቀው ለውጥ የመጣው ግን ሐምሌ 2/2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ነው። ሱዳን የዜግነት ሕጓን አሻሽላ የደቡብ ተወላጆችን ዜግነት ሰረዘች። በሐጅ ዩሱፍ ተወልደው ያደጉ፣ ደቡብን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ወጣቶች ሳይቀሩ በአንድ ጀምበር የውጭ አገር ሰዎች ሆኑ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠሩ የነበሩት ሥራቸውን አጡ። ብዙዎች አልጋቸውንና የጣሪያ ቆርቆሯቸውን ነቅለው በጀልባና በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ሄዱ።

በታኅሣሥ 2013 አዲሲቱ አገር ራሷ በእርስ በርስ ጦርነት ስትናጥ ከሄዱት መካከል በርካቶቹ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን የመጡት በስደተኝነት ነው። ሐጅ ዩሱፍን በሁለት ዓይነት መታወቂያ የኖሩበት ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያ በተፈናቃይ ዜጋነት፣ ቀጥሎ በስደተኛነት። የሚኖሩበት ሰፈር ግን ያው ነው።

በምን ይተዳደራሉ?

የሐጅ ዩሱፍ የኢኮኖሚ ልብ በዋሕዳ ሰፈር የሚገኘው ‘ሱቅ ሲታ’ ወይም ስድስት ቁጥር ገበያ ነው። ማሽላና የለውዝ ቅቤ፣ የደረቀ ባሚያ፣ ልባሽ ጨርቅ፣ የሞባይል ዕቃ፣ የቤት ቁሳቁስ፣ ሥጋና አትክልት ጎን ለጎን ይሸጡበታል። የመሐል ከተማውን ገበያ ዋጋ መክፈል የማይችል ሰው ፍላጎቱን የሚያሟላበት ስፍራ ሲሆን፣ የሚሸጠው ነገር ያለው ደግሞ በመሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ነጋዴ የሚሆንበት ነው።

አብዛኛው ነዋሪ ደመወዝተኛ አይደለም። ወንዱ በግንባታ የቀን ሥራ፣ በጫኝና አውራጅነት፣ ሱዳናውያን ‘ራክሻ’ በሚሉት ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ አሽከርካሪነት፣ ወይም በርሜል የተጫነበት የአህያ ጋሪ እየነዳ ውኃ በመሸጥ ይተዳደራል። ሴቷ በባለጸጎች ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ምግብ ታበስላለች፣ ወይም በመንገድ ዳር ሻይና ቡና ታፈላለች። ከሐጅ ዩሱፍ በስተምዕራብ የሚገኘውና የቀድሞው ፕሬዝዳንት ዑመር አልበሽር ቤተሰብ መኖሪያ የነበረው ካፉሪ ግቢያቸው የተንጣለለ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአውቶቡስ የደቂቃዎች ጉዞ ቢሆንም የኑሮ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነው።

‘ሲት አሽሻይ’ የሚባሉት የሻይ ሻጭ ሴቶች የዚህ ኢኮኖሚ ዋና መለያ ናቸው። ባሏ በጦርነት የሞተባት ወይም ሥራ ፍለጋ የራቀባት ሴት በጥቂት ገንዘብ ልትጀምረው የምትችለው ሥራ ነው፤ የከሰል ምድጃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጥቂት ብርጭቆዎችና ዝቅተኛ መቀመጫዎች ይበቃሉ። ነገር ግን በአልበሽር ዘመን ‘የሕዝባዊ ሥርዓት’ ሕግ የሚባለው ደንብ ለፖሊስ ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶ ስለነበር ዕቃቸው ይወረስ፣ ይቀጡም ነበር። በ1983 የሸሪዓ ሕግ ከታወጀ በኋላ እንደ አገራቸው ልማድ የማሽላ ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ የደቡብና የኑባ ሴቶችም በተደጋጋሚ ለእስር ተዳርገዋል። ሕጉ የተሻረው አልበሽር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በኅዳር 2019 ነው።

ከኑባ ተራሮች አካባቢ ተፈናቅለው ካርቱም የገቡትና ሻይ ሻጭ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር ያደራጁት አወዲያ ማሕሙድ ኮኮ በ2016 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለደፋር ሴቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የእርሳቸው ታሪክ ከአንድ ሰፈር በላይ ነው፤ በካርቱም ዳርቻ የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ሕይወት ነው።

ከኢትዮጵያ የሚመጣው አፈር

ከሐጅ ዩሱፍ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጅሬፍ ሸርቅ በኩል ወደ አባይ ዳር ሲወረድ የጡብ ምድጃዎች ይገኛሉ። ካርቱምን የገነባው ቀይ ጡብ በአብዛኛው የተሠራው በአባይ ዳር ካለ ጭቃ ነው። ወንዙ በክረምት ሞልቶ ከኢትዮጵያ ተራሮች የጠረገውን ደለል በዳርቻው ላይ ያስቀምጣል፤ ውኃው ሲጎድል ሠራተኞች ጭቃውን ከእበት ጋር ያቦኩታል፣ በሳጥን ይቀርጹታል፣ በፀሐይ ያደርቁታል፣ ከዚያም ከምረው በእንጨት ያቃጥሉታል።

ሥራው ወቅታዊ ነው። አባይ ሲሞላ ምድጃው ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይበተናል። ጉልበት እንጂ ሌላ ንብረት ለሌለው የምዕራብና የደቡብ ተፈናቃይ ግን ከዓመቱ ብዙውን ወራት ሥራ የሚገኝበት ነበር። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደለሉን ሲያስቀር የጡብ ሥራው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በምድጃ ሠራተኞች ዘንድ ለዓመታት ሲነሳ ቆይቷል። በዲፕሎማሲ መድረክ በቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚለካው ክርክር በእነዚህ ሠራተኞች ዘንድ በቀን በሚቀረጽ ጡብ ብዛት ይሰላል።

የወተት መንደርና የተፈናቀሉ ዩኒቨርሲቲዎች

ከሐጅ ዩሱፍ ጎን የምትገኘው ሒላት ኩኩ ለካርቱም ወተት በሚያቀርቡ የላም እርባታዎቿ የታወቀች ናት። የሱዳን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና የእንስሳት እርባታ ትምህርት ክፍሎቹን የመሠረተውም በዚሁ ስፍራ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ በሸምባት የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ይገኛል። ስለዚህም ይህ የከተማ ክፍል የቀን ሠራተኛ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ የተማሪም ሰፈር ነው። ከየክፍለ አገሩ የመጣ ተማሪ በኪራይ ርካሽነቱ ምክንያት ወደ ዳርቻው ይወጣል፤ የእርሱ ገንዘብ ደግሞ ፉል የሚሸጠውን፣ ሻይ የምታፈላውንና ራክሻ የሚነዳውን ያኖራል።

በ1990 የአልበሽር መንግሥት ‘የከፍተኛ ትምህርት አብዮት’ ባለው መርሐ ግብር የዩኒቨርሲቲዎችን ቁጥርና የተማሪዎችን ቅበላ በፍጥነት አሳደገ፤ የማስተማሪያ ቋንቋውንም ወደ ዐረብኛ ለወጠ። በሩ ለብዙዎች ሲከፈት፣ በእንግሊዝኛ ለተማሩ የደቡብ ልጆች አዲስ ግድግዳ ተሠራ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ የሚሆነው ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው መፈናቀላቸው ነው። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጁባ ዩኒቨርሲቲ በጦርነቱ ምክንያት በ1989 ወደ ካርቱም ተዛወረ። የላይኛው ናይልና የባሕር አልገዛል ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ በካርቱም እንግዳ ሆነው አስተምረዋል። ደቡብ ነጻ ስትወጣ ተቋማቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በሰሜን የቀሩት መምህራን፣ ተማሪዎችና ሕንፃዎች በ2011 ባሕሪ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አዲስ ተቋም ሆኑ። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ዩኒቨርሲቲውም ከመለያየት የተወለደ ነው።

መሬቱ የማን ነው?

ለሐጅ ዩሱፍ ነዋሪ ከሥራና ከዳቦ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነው። መንግሥት መጤዎቹን በመጡበት ዓመት ከፋፍሏቸው ነበር። ከ1984 በፊት የገቡት ‘ያለ ፈቃድ የሰፈሩ’ ተብለው ውሎ አድሮ ቦታ የማግኘት ዕድል ሲኖራቸው፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ‘ተፈናቃይ’ ተብለው ከከተማ ርቀው ወደ ተሠሩ ካምፖች እንዲሄዱ ይጠበቅ ነበር። በአንድ ዓመት የመጡበት ልዩነት የአንድን ቤተሰብ ዕጣ ይወስን ነበር ማለት ነው።

በ1990ዎቹ በካርቱም ዳርቻ ያሉ ሰፈሮች በስፋት ፈርሰዋል። አሠራሩ ‘ዳግም ማቀድ’ ይባላል። ቡልዶዘር ይገባል፣ ቤቶች ይፈርሳሉ፣ መንገድና የገበያ ቦታ ይለካል፣ መሬቱ ይሸነሸናል። መታወቂያ፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃ አሟልቶ የሚጠየቀውን ክፍያ የፈጸመ ቦታ ያገኛል። ሰነዱን በጦርነት ያጣ፣ ገንዘቡ የጎደለው ወይም ባሏ የሌለባት ሴት ግን ጓዟን ጠቅልላ ወደሚቀጥለው ባዶ መሬት ትሄዳለች። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ የተስፋፋችው በዚህ መንገድ ጭምር ነው፤ በአንድ በኩል በሚታቀድ፣ በሌላ በኩል በሚገፋ ሰው።

ቢሆንም የይዞታ ወረቀት ያገኘ ቤተሰብ በካርቶን ፋንታ ጡብ ይደረድራል፣ አንድ ክፍል ያከራያል፣ በበሩ ላይ ሱቅ ይከፍታል። በሐጅ ዩሱፍ ከድህነት የመውጫው ዋና መሰላል ደመወዝ ሳይሆን ይህ ወረቀት ነው።

ከዳቦ ሰልፍ እስከ ተቃውሞ ሰልፍ

ቋሚ ገቢ የሌለው ሰፈር የዋጋ ንረት ቀድሞ ይሰማዋል። ደቡብ ስትገነጠል አብዛኛውን የነዳጅ ገቢዋን ያጣችው ሱዳን በመስከረም 2013 የነዳጅ ድጎማን ስታነሳ የተቃውሞ ሰልፎች ካርቱምን አናወጡ። በታኅሣሥ 2018 በአትባራ ከተማ በዳቦ ዋጋ ምክንያት የጀመረው ሕዝባዊ ንቅናቄ በሚያዝያ 2019 አልበሽርን ከሥልጣን አወረደ። የምሥራቅ አባይና የሐጅ ዩሱፍ ወጣቶች በየሰፈሩ የተደራጁ ‘የተቃውሞ ኮሚቴዎች’ አባላት ሆነው በዚህ ንቅናቄ ውስጥ ተሳትፈዋል።

የሽግግሩ ጊዜ ያሰቡትን እፎይታ አላመጣም። በሐምሌ 2021 የሱዳን ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ ጦሩ ሥልጣን ያዘ።

ጦርነቱ

ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (አርኤስኤፍ) መካከል ጦርነት ሲፈነዳ ሸርቅ አልኒል በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ። ነዋሪው ከሁለት እሳት መካከል ገባ። በምድር ዝርፊያና እስር፣ ከሰማይ የአየር ጥቃት ሆነበት። ግንቦት 7/2015 ዓ.ም. የአካባቢው ትልቅ ሆስፒታል የነበረው የሸርቅ አልኒል ሆስፒታል በአየር ድብደባ መመታቱ ተዘግቧል። በሐጅ ዩሱፍ የሚገኘው አልባን ጀዲድ ሆስፒታል ግን ከካርቱም ሆስፒታሎች አብዛኞቹ በተዘጉበት ጊዜ በበጎ ፈቃደኞችና በድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ድጋፍ ሕሙማንን መቀበሉን ቀጥሎ ነበር።

ገንዘብ ያለው ወደ ግብፅ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ወይም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። ብዙው የሐጅ ዩሱፍ ሰው ግን የአውቶቡስ ዋጋ አልነበረውም። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ሥራ ሲቆም የሚቆጥበው የለውም፤ ባንክ ሲዘጋ ሳይሆን ገበያ ሲዘጋ ነው የሚራበው።

ያን ጊዜ የቀድሞዎቹ የተቃውሞ ኮሚቴዎች ልጆች ‘የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍል’ በሚል ስም ተደራጅተው የጋራ ማዕድ ቤት ከፈቱ። ሱዳናውያን ‘ተኪያ’ ይሉታል፤ ከጥንት የሱፊ መሻይኮች ለእንግዳና ለድኻ ማዕድ ይዘረጉበት ከነበረው ልማድ የመጣ ስም ነው። በትልልቅ ድስት የተቀቀለ ፉል ወይም ምስር በየሰፈሩ ይታደላል። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታቋርጥ ከማዕድ ቤቶቹ ብዙዎቹ ተዘጉ። የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎቹ በዚያው ዓመት ‘አማራጭ ኖቤል’ በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል።

የኢትዮጵያውያን ድርሻ

በካርቱም የኢትዮጵያውያን ስም ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠሩት ከወንዙ ማዶ ያሉት ዴምና ጅሬፍ ናቸው። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን በቤት ሠራተኝነት፣ በምግብ ቤትና በቡና ማፍላት ሥራ በመላው ከተማ ተበትነው የኖሩ በመሆናቸው የምሥራቁ ዳርቻ ኢኮኖሚም የእነርሱ ነበር። እንደ ደቡብ ሱዳናውያኑ ሁሉ ካርቱም ለእነርሱም ወደ ሌላ አገር መሸጋገሪያ፣ ለአንዳንዶቹም የዕድሜ ልክ መኖሪያ ሆና ቆይታለች።

ጦርነቱ የጉዞውን አቅጣጫ ገለበጠው። ለዘመናት ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ስደተኛ ያሻገረው የመተማ መንገድ ሱዳናውያንን፣ ከእነርሱም ጋር ተመላሽ ኢትዮጵያውያንን ወደ አማራ ክልል ማስገባት ጀመረ። በኩመርና በአውላላ የተሠሩት መጠለያዎች ሱዳናውያንን የተቀበሉት በራሱ ግጭት ውስጥ በነበረ ክልል ነው። ስደተኞቹ በደኅንነት ስጋት ምክንያት በ2024 ወደ አፍጢጥ መጠለያ ተዛውረዋል።

ማን ይመለሳል?

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሸርቅ አልኒልን ጨምሮ አብዛኛውን ካርቱም መልሶ ያዘ። በተባበሩት መንግሥታት የፍልሰት ድርጅት ግምት በጦርነቱ ከካርቱም የተፈናቀሉት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ወደ 2025 ማብቂያ የተመለሱት አንድ ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። የተመለሱት ያገኙት የተዘረፉ ቤቶችን፣ የተነቀሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችንና የኮሌራ ወረርሽኝን ነው።

ከዚህ ጋር የቆየው የመሬት ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። የካርቱም ግዛት ባለሥልጣናት ያለ ፈቃድ የተሠሩ ሰፈሮችን የማፍረስ ዘመቻ ጀምረዋል፤ ምክንያታቸውም ጸጥታና የከተማ ሥርዓት ነው። በሐምሌ 2025 በሐጅ ዩሱፍ የሚገኝ አንድ የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን የሃይማኖት ነጻነት ተሟጋቾች አስታውቀዋል። ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች ከከተማዋ እንዲወጡም እርምጃ እየተወሰደ ነው፤ ይህም ደቡብ ሱዳናውያንንና ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። ሰነዱን በጦርነት ያጣ ሰው ሰነድ የሚጠየቅበት ዘመን ለሐጅ ዩሱፍ አዲስ አይደለም፤ በ1990ዎቹም እንዲሁ ነበር።

የካርቱም መልሶ ግንባታ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ አውሮፕላን ማረፊያውና ስለ ቤተ መንግሥቱ ነው። እነዚህን መልሶ የሚሠራው እጅ ግን ጡቡን የሚቀርጸው፣ ሲሚንቶውን የሚሸከመው፣ ለሠራተኛው ሻይ የምታፈላው የዳርቻው ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት ከካርቱም ነዋሪ ከግማሽ በላዩ በዳርቻ አካባቢዎች ይኖር ነበር። ያ ሕዝብ በከተማዋ ቦታ ይኖረው እንደሆነ የሚወሰነው በሐጅ ዩሱፍና መሰል ሰፈሮች ለአንድ ጭቃ ቤት በሚሰጥ ወይም በሚከለከል የይዞታ ወረቀት ነው።